ጋዜጣቸው የተዘጋባቸው ሚኒስትር

አንድ መንግሥት የባህል ፖሊሲ አወጣ ሲባል ብዙዎቻችን ነገሩ የዘፈንና የጭፈራ ነው ብለን ገጹን ገልብጠን እናልፋለን። ነገር ግን በየትኛው ቋንቋ መጽሐፍ እንደሚታተም፣ የትኛው ጥንታዊ መስጊድ ወይም ቤተ መቅደስ እንደሚጠገን፣ የማን ግጥም ለልጆች እንደሚነበብ የሚወሰነው በዚሁ ፖሊሲ ነው። ወሳኙስ ማነው? ሚኒስትሩ ወይስ ባለሙያው? ይህን ጥያቄ በተግባር ለመመለስ ከሞከሩት ሰዎች አንዱ በመካ የተወለዱ፣ በጋዜጠኝነት ስም ያወጡ ዓሊም ነበሩ፤ መውላና አቡል ከላም አዛድ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አዛድ የተወለዱት ኖቬምበር 11 ቀን 1888 ነው። አባታቸው መውላና ኸይሩዲን ከህንድ ወደ መካ የሄዱ ዓሊም ሲሆኑ፣ እናታቸው ደግሞ ከመዲና የዕውቀት ቤተሰብ የሆኑ ዐረብ ነበሩ። ልጁ ገና ሁለት ዓመት ገደማ ሳለ ቤተሰቡ ወደ ካልካታ ተመለሰ። አባት በእንግሊዞች ትምህርት ቤት እምነት ስላልነበራቸው ልጃቸውን በቤት ውስጥ አቀሩት። ዐረብኛውን፣ ፋርስኛውን፣ ፊቅሁንና መንጢቁን በአሥራ ስድስት ዓመታቸው አጠናቀቁ። አባታቸውም ዕውቀታቸው እንዲጸና ወደ አሥራ አምስት የሚሆኑ ደረሶች ሰጥተው እንዲያስተምሩ አደረጓቸው። ከዚያ በኋላ ግን ከአባቶቻቸው የወረሱትን ሁሉ ሳይመረምሩ ላለመቀበል ወሰኑ። አዛድ የሚለውን የብዕር ስም የመረጡትም በዚህ ምክንያት ነው፤ ትርጉሙ ነጻ ማለት ነው።

በ1912 በካልካታ አል ሂላል የተባለውን የኡርዱ ሳምንታዊ ጋዜጣ መሠረቱ። ጋዜጣው የቅኝ ገዢውን መንግሥት በግልጽ የሚተችና ሙስሊሙን ወደ ነጻነት ትግሉ የሚጠራ ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ በሳምንት 26 ሺህ ቅጂ ደረሰ፤ ለዚያን ጊዜ የኡርዱ ጋዜጣ ይህ ተሰምቶ የማይታወቅ ቁጥር ነው። መንግሥትም ዝም አላለም። በፕሬስ ሕጉ መሠረት 2 ሺህ ሩፒ መያዣ እንዲያስገቡ ጠየቀና ገንዘቡን ወረሰ። ቀጥሎ 10 ሺህ ሩፒ ጠየቀ፤ እሱንም ወረሰ። በመጨረሻ ማተሚያ ቤቱ ራሱ ተወሰደ። አዛድ አል በላግ የሚል ሌላ ጋዜጣ ቢጀምሩም በ1916 ከካልካታ እንዲወጡ ታዘዙ። ሌሎች ክፍለ ግዛቶችም በራቸውን ስለዘጉባቸው ራንቺ ወደተባለች ከተማ ሄደው እስከ 1919 መጨረሻ በቁም እስር ቆዩ። በፍተሻ ወቅት የቁርኣን ትርጉም ረቂቃቸው ሳይቀር ተወስዶባቸዋል። እኛ በዚህ ሙያ ያለን ሰዎች አንድ ረቂቅ ሲጠፋ ምን እንደሚሰማ እናውቃለን፤ ያ ደግሞ የተራ ጽሑፍ ረቂቅ አልነበረም።

የፖለቲካ ሕይወታቸው በብዙ የተጻፈበት ስለሆነ እዚህ አላስረዝመውም። በ1923 ገና በወጣትነታቸው የኮንግሬስ ፓርቲን ልዩ ጉባኤ በፕሬዚዳንትነት መሩ፤ ከ1940 እስከ 1946 ደግሞ የፓርቲው ፕሬዚዳንት ነበሩ። ከ1942 ጀምሮ በአህመድናጋር ምሽግ ታስረው ሳለ ባለቤታቸው ዙለይኻ በኤፕሪል 1943 አረፉ፤ አዛድ በቀብራቸው ላይ አልተገኙም። የሀገሪቱን መከፋፈል እስከ መጨረሻው ተቃወሙ፤ በዚህም አቋማቸው ከብዙ ሙስሊሞች ጋር ተጋጩ። ክፍፍሉ ሲመጣም እሳቸው እዚያው ህንድ ቀሩ።

የትምህርት ሚኒስትር የሆኑት በጃንዋሪ 1947 ሲሆን እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ በዚሁ ሥልጣን ቆይተዋል። ያኔ የባህል ሚኒስቴር የሚባል ስላልነበረ የባህሉም ጉዳይ በእሳቸው እጅ ወደቀ። ጊዜው ደግሞ ክፉ ነበር። ቀደም ሲል ሙዚቀኛውን፣ ገጣሚውን፣ ሠዓሊውንና የእጅ ጽሑፍ ባለሙያውን ይቀልቡ የነበሩት ራጃዎችና ነዋቦች ነበሩ። ከነጻነት በኋላ ከ500 በላይ የሚሆኑት እነዚህ ግዛቶች ወደ ሕብረቱ ሲጠቃለሉ ቤተ መንግሥቶቹ ተዘጉ፤ ጥበበኛውም ጧሪ አጣ። ያንን ሸክም መንግሥት ካልተሸከመው ማን ይሸከመው?

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ሐሳቡ ከሚኒስቴሩ ቢሮ የፈለቀ አልነበረም። በ1945 የቤንጋል እስያዊ ማኅበር የተባለው የምሁራን ማኅበር ሦስት አካዳሚዎች ያሉት ብሔራዊ የባህል ተቋም እንዲቋቋም ለእንግሊዙ መንግሥት ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ነጻው መንግሥት ያንን ወረቀት ከመዝገብ ቤት አውጥቶ ብቻ አላጸደቀውም። በ1949 በካልካታ የሥነ ጥበብ ሰዎች፣ በ1951 ደግሞ በደልሂ የሥነ ጽሑፍ እንዲሁም የውዝዋዜ፣ የድራማና የሙዚቃ ሰዎች በየተራ ተጠርተው ጉባኤ አደረጉ። አካዳሚዎቹ የተወለዱት ከዚህ ምክክር በኋላ ነው። የሙዚቃ፣ የውዝዋዜና የድራማው አካዳሚ በ1953፣ የሥነ ጽሑፉ በማርች 1954፣ የሥነ ጥበቡ ደግሞ በዚያው ዓመት በኦገስት ተከፈቱ።

አሠራራቸው እንዲህ ነበር። ገንዘቡ ከመንግሥት ይመጣል፤ ውሳኔው ግን የሚሰጠው በአካዳሚው ምክር ቤት ነው። ምክር ቤቱም ከክፍለ ግዛቶች፣ ከየቋንቋው፣ ከዩኒቨርሲቲዎችና ከባለሙያዎች የተውጣጣ ነው። የሥነ ጽሑፍ አካዳሚውን ያቋቋመው የመንግሥት ውሳኔ ራሱ ተቋሙ ራሱን ችሎ እንዲሠራ ይደነግግ ነበር። ሽልማቱም ለአንድ ቋንቋ ብቻ የተተወ አልነበረም። በወቅቱ ሕገ መንግሥቱ 14 ቋንቋዎችን ዘርዝሮ ነበር፤ ዛሬ አካዳሚው የሚያውቃቸው ቋንቋዎች 24 ደርሰዋል፣ ኡርዱም አንዱ ነው።

ሥልጣን ላይ ያለ ሰው እጁን ማሰሩ እንግዳ ነገር ነው። በእኔ ግምት ግን መንግሥት በአንድ ፊርማ ማተሚያ ቤታቸውን ሲወርስ ያዩት አዛድ፣ ፊርማው በራሳቸው እጅ ሲገባ ምን ሊያደርግ እንደሚችል አልዘነጉትም።

ስለ ሙዚቃው የሚያነሳ አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። ዓሊም ሆነው እንዴት ለሙዚቃና ለውዝዋዜ አካዳሚ ያቋቁማሉ? በጉዳዩ ላይ ዑለማዎች የተለያዩበት መሆኑ የታወቀ ስለሆነ ፍርዱን ለባለቤቶቹ እተወዋለሁ። አዛድ ራሳቸው ግን በወጣትነታቸው ሲታር መማራቸውን፣ በጨረቃ ምሽትም ታጅ ማሃል ዘንድ ሄደው መጫወታቸውን በእስር ቤት በጻፏቸው ደብዳቤዎች ሳይደብቁ ተርከዋል። እኔን የሚገርመኝ ሌላው ነገር ነው። የሚወዱትን በሌላው ላይ ለመጫን በሥልጣናቸው አልተጠቀሙም። በዚያው ካቢኔ የማስታወቂያ ሚኒስትር የነበሩት ኬስካር በተቃራኒው መንገድ ሄዱ። ከ1952 ጀምሮ ክላሲካሉን ሙዚቃ ከፍ ለማድረግ ብለው የፊልም ዘፈንን ከመንግሥት ሬዲዮ አስወጡት። ሕዝቡ ግን ክላሲካሉን ማዳመጥ አልጀመረም፤ የሬዲዮውን መርፌ ወደ ሬዲዮ ሲሎን አዞረ እንጂ። በ1957 የህንድ ሬዲዮ የፊልም ዘፈን የሚያሰማ ልዩ አገልግሎት ለመክፈት ተገደደ።

አዛድ ያልቻሉትም ነበር። ሂንዲውንና ኡርዱውን የሚያስታርቅ ሂንዱስታኒ የተባለው የጋራ ንግግር የሀገሪቱ ቋንቋ እንዲሆን ቢፈልጉም በ1949 ሕገ መንግሥቱን ያረቀቀው ጉባኤ በደቫናጋሪ ፊደል የሚጻፈውን ሂንዲ መረጠ። ኡርዱ በተወለደበት አገር ቀስ በቀስ ከቢሮና ከትምህርት ቤት እየወጣ ሲሄድ የትምህርት ሚኒስትሩ ሊያስቆሙት አልቻሉም። የአካዳሚዎቹም ነጻነት ቢሆን ከጅምሩ ቀዳዳ ነበረው። የሥነ ጽሑፍ አካዳሚው የመጀመሪያ ሊቀመንበር ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኔህሩ ነበሩ። ኔህሩ ደራሲ መሆናቸው እውነት ነው። ይሁን እንጂ ጠቅላይ ሚኒስትር ከተቀመጠበት ጠረጴዛ ዙሪያ ማን ደፍሮ ይናገራል?

ጥርጣሬው ዘመናትን ተሻግሯል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በዳኛ ኮስላ፣ በ1990 ደግሞ በፒ.ኤን. ሃክሳር የተመሩ ኮሚቴዎች የአካዳሚዎቹን አሠራር መርምረዋል። ከሁሉም የከፋው ፈተና የመጣው በ2015 ነው። የአካዳሚው ተሸላሚ የነበሩት የካናዳ ቋንቋ ምሁር ካልቡርጊ በኦገስት ወር በቤታቸው በጥይት ተገደሉ። አካዳሚው ፈጥኖ አልተናገረም በሚል ከ30 በላይ ደራሲዎች ሽልማታቸውን መለሱ። አካዳሚው ግድያውን በይፋ ያወገዘውና ደራሲዎቹ ሽልማታቸውን መልሰው እንዲወስዱ የጠየቀው በኦክቶበር ነበር። (የካናዳ ቋንቋ ያልኩት በደቡብ ህንድ የሚነገረውን እንጂ የሰሜን አሜሪካዋን አገር አይደለም።)

በ1950 ያቋቋሙት የህንድ የባህል ግንኙነት ምክር ቤትም ሳይነሳ አይታለፍም። ገና ከመጀመሪያው ሰቃፈቱል ሂንድ የተባለ የዐረብኛ መጽሔት ያሳትም ነበር። ከሀገራችንም በዚህ ምክር ቤት ስኮላርሺፕ ህንድ ሄደው የተማሩ አሉ፤ ስንቶቹ የመሥራቹን ስም እንደሚያውቁ እንጃ።

አዛድ ፌብሩዋሪ 22 ቀን 1958 በደልሂ አረፉ፤ አላህ ይዘንላቸው። የተቀበሩት በጃሚዕ መስጊዱና በቀይ ምሽጉ መካከል ነው። በሕይወት ዘመናቸው ያሰባሰቧቸው የዐረብኛ፣ የፋርስኛና የኡርዱ ኪታቦች ለባህል ግንኙነት ምክር ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ተሰጡ። ደልሂ በሚገኘውና አዛድ ባቫን ተብሎ በስማቸው በሚጠራው የምክር ቤቱ ሕንጻ ውስጥ ለብቻቸው ተቀምጠዋል።