ቪክቶር ቦኒና የማኅፀን ቀዶ ሕክምና

እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ቪክቶር ቦኒ በ1872 ዓ.ም. (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) ለንደን ውስጥ ቼልሲ በተባለው ሰፈር ከሐኪም አባት ተወለዱ። አብዛኛውን የሥራ ዘመናቸውን ያሳለፉት በሚድልሴክስ ሆስፒታልና በቼልሲ የሴቶች ሆስፒታል ነው።

በ1905 ዓ.ም. አኒ አፕልያርድ የተባሉትን የታዝማኒያ ተወላጅ አገቡ። ጋብቻው ብዙ ሳይቈይ ወይዘሮ አኒ በማኅፀን ማዮማ ምክንያት ደማቸው ክፉኛ በመፍሰሱ ማኅፀናቸው በቀዶ ሕክምና ወጣ። ባልና ሚስቱ ልጅ ሳይወልዱ ቀሩ። ቦኒ ስለ ማዮማ የነበራቸውን ጽኑ አቋም የሚመረምር ሰው ይህን የቤታቸውን ሐዘን ሊያልፈው አይችልም።

በዚያ ዘመን ማዮማ ክፉ ዕጢ አለመሆኑ በሚገባ የታወቀ ነበር። ይሁን እንጂ ዕጢውን ብቻ ነቅሎ ማኅፀኑን ማስቀረት ብዙ ደም ስለሚያስፈስስና ለብግነት ስለሚያጋልጥ፣ ብዙዎቹ ሐኪሞች ማኅፀኑን እንዳለ ማውጣትን ይመርጡ ነበር። ለሐኪሙ የቀለለው መንገድ ግን ገና መውለድ ለምትሻ ወጣት ሴት ከበሽታው የማይተናነስ ጉዳት ነበረው። ቦኒም ዋናው እንቅፋት ደሙ መሆኑን ተገንዝበው፣ ወደ ማኅፀን የሚገቡትን ደም ሥሮች ሥራው እስኪያልቅ ድረስ ጨምቆ የሚይዝ መቈንጠጫ ሠሩ፤ መሣሪያው እስከ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። ከዚህም ሌላ በተቻለ መጠን በማኅፀኑ ፊት ለፊት አንድ ስንጥቅ ብቻ በማበጀት፣ ሌሎቹን ዕጢዎች በዚያው በኩል ከውስጥ እየፈለፈሉ ማውጣትን አስተማሩ። ዕጢው በኋለኛው ግድግዳ በኩል ሲሆን፣ የተረፈውን የማኅፀን ሥጋ እንደ ቈብ ወደ ፊት አጥፈው ይሰፉት ነበር፤ ይህም ስፌቱ ከአንጀት ጋር እንዳይጣበቅ ለመከላከል ነው። ከአንዲት ሴት ማኅፀን 225 ማዮማዎችን አውጥተው ማኅፀኑን ማስቀረታቸው በሙያው ታሪክ ይጠቀሳል። ከ800 በላይ በሚሆኑ እንዲህ ያሉ ቀዶ ሕክምናዎች የሞት መጠኑ ከመቶ 1 ገደማ ነበር። የተበከለ ቍስልን የሚያክሙ አንቲባዮቲኮች ባልነበሩበትና ደም መስጠት ባልተስፋፋበት ዘመን ይህ ቀላል ውጤት አይደለም።

እኚሁ ማኅፀንን ለማትረፍ የታገሉ ሰው፣ የማኅፀን አንገት ካንሰር ሲያጋጥማቸው ፈጽሞ የማይራሩ ነበሩ። ኤርንስት ቨርትሃይም በ1898 ዓ.ም. ቪየና ላይ የጀመሩትን ከባድ ቀዶ ሕክምና፣ ማለትም ማኅፀኑን ከአካባቢው ሥጋና ከሊምፍ ንፍፊቶች ጋር ጠራርጎ ማውጣትን፣ ከባልደረባቸው ከኮምንስ በርክሊ ጋር ሆነው እንግሊዝ አገር ውስጥ አስፋፉ። የ500 ሕሙማንን ውጤት በ1941 ዓ.ም. አሳትመዋል። በቀዶ ሕክምናው ምክንያት የሞቱት ከመቶ 14 ነበሩ፤ ከአምስት ዓመት በኋላ በሕይወት የተገኙት ደግሞ ከመቶ 40 ያህል ነበሩ። የመጀመሪያው ቍጥር ያስደነግጣል። ነገር ግን ያለ ሕክምና ከቀረች፣ በዚህ በሽታ የተያዘች ሴት የሚጠብቃት የተራዘመ ስቃይና ሞት እንደ ነበር መዘንጋት አይገባም። በራዲየም ማከም እየተስፋፋ ሲመጣ ብዙዎች ቢላዋቸውን ሲያስቀምጡ፣ ቦኒ ግን ወደ ንፍፊት የተዛመተውን ካንሰር ነቅሎ ማውጣት ያስፈልጋል ብለው በአቋማቸው ጸኑ።

ከበርክሊ ጋር ያዘጋጁት የማኅፀንና የሴቶች ቀዶ ሕክምና መጽሐፍ በ1911 ዓ.ም. ወጣ። ሥዕሎቹን ቦኒ ራሳቸው ነበሩ የሣሉት። እጁ የሠራውን እጁ የሣለው ሐኪም ብዙ አይገኝም። መጽሐፉ በየጊዜው እየታደሰ በእርሳቸው ስም እስከ 21ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ሲታተም ቈይቶአል። ቈዳን ከጀርም የሚያጸዳው ሐምራዊና አረንጓዴ ቀለም የተቀላቀለበት መድኃኒትም፣ ከብራውኒንግ ጋር በ1918 ዓ.ም. ያሳወቁት፣ ቦኒ ሰማያዊ ተብሎ ይታወቃል።

የማኅፀንና የወሊድ ሐኪሞች በ1929 ዓ.ም. የራሳቸውን ኮሌጅ ሲያቋቁሙ ቦኒ አልተባበሩም። የማኅፀን ሐኪም አስቀድሞ ቀዶ ሐኪም ነው የሚል እምነት ስለ ነበራቸው፣ ሙያው ከቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ መለየቱን አልወደዱትም። ብዙ ባልደረቦቻቸው በዚህ ግትርነት ቅር ተሰኝተዋል።

በ1937 ዓ.ም. ከሚድልሴክስ ሆስፒታል በጡረታ ተሰናበቱ። ከ70 ዓመት ዕድሜ በኋላ፣ በ1946 ዓ.ም.፣ ማዮማን ነቅሎ ማኅፀንን፣ የውሃ ከረጢትን ነቅሎ ኦቫሪን ስለ ማስቀረት የሚገልጽ፣ ጥቃቅን የአሠራር ዘዴዎችን ሳይቀር የሚዘረዝር መጽሐፍ አሳተሙ። ያረፉት በ1953 ዓ.ም. ነው።