ከባግዳድ ወንበር የወረዱት ኢማም

ኢማም አቡ ሐሚድ አል-ገዛሊ (ረሒመሁላህ) ዕድሜያቸው ከሃምሳ ካለፈ በኋላ አል-ሙንቂዝ ሚነ-ድ-ደላል የተሰኘችውን ኪታብ ጻፉ። ኪታቧ በገጽ ትንሽ ናት፤ ይዘቷ ግን ከባድ ነው። በዘመናቸው ስማቸው ከባግዳድ አልፎ የገነነ ዓሊም የወጣትነት ጥማታቸውን፣ ሹመታቸውን፣ ዝናቸውንና የያዛቸውን ሕመም ራሳቸው የመረመሩባት ናት። ስለ ራስ መጻፍ ብዙውን ጊዜ ራስን ማሞገሻ ይሆናል። እርሳቸው ግን ለፍርድ ያቀረቡት ያስተማሩበትን የገዛ ኒያቸውን ነው።

ኢማሙ በ450 ዓመተ ሒጅራ (1058 እ.ኤ.አ.) በኹራሳን ምድር፣ በዛሬዋ ኢራን ሰሜን ምሥራቅ በምትገኘው ጡስ ተወለዱ። አባታቸው የበግ ጠጉር እየፈተሉ የሚያድሩ ድሃ እንደነበሩ ይተረካል። ሞት ሲቀርባቸው አቡ ሐሚድንና ወንድማቸውን አሕመድን ለአንድ ሱፊ ወዳጃቸው አደራ ሰጡ። ለልጆቹ የተተወችው ጥቂት ገንዘብ ስታልቅ ባለአደራው ቀለብ ወደሚሰጥ መድረሳ እንዲገቡ መከራቸው። እንግዲህ የታላቁ ዓሊም የትምህርት ጅማሬ የየቲም ልጅ የዕለት ጉርስ ፍለጋ ነበር ማለት ነው። ኋላ ላይ ይህንኑ ሲያስታውሱ፣ ዒልምን ሲፈልጉ ለአላህ ብለው እንዳልነበረ፣ ዒልሙ ራሱ ግን ለአላህ ካልሆነ በቀር እምቢ እንዳላቸው ይናገሩ ነበር ይባላል።

በወጣትነታቸው ጁርጃን ተምረው ሲመለሱ መንገድ ላይ ሽፍቶች እንደዘረፏቸውም ይነገራል። ወጣቱ ደረሳ ሌላውን ሁሉ ትተው የትምህርት ማስታወሻቸው ብቻ እንዲመለስላቸው ለመኑ። የሽፍቶቹ አለቃ፣ ወረቀት ሲወሰድ አብሮ የሚሄድ ዒልም ምን ዒልም ነው ብሎ ሳቀባቸውና መለሰላቸው። ጡስ ገብተው ሦስት ዓመት ያንን ሁሉ በቃላቸው ያዙ። ሽፍታ ለዓሊም ኡስታዝ ሲሆን እንዲህ ነው!

ቀጥሎ ኒሻፑር ሄደው ከኢማም አል-ሐረመይን አል-ጁወይኒ ዘንድ፣ ሸይኹ በ478 (1085 እ.ኤ.አ.) እስከሞቱ ድረስ ተማሩ። ከዚያም የሰልጁቆች ኃያል ወዚር ኒዛም አል-ሙልክ አቀረቧቸውና በ484 (1091 እ.ኤ.አ.)፣ ገና በሠላሳ አራት ዓመታቸው ግድም፣ የባግዳዱ ኒዛሚያ መድረሳ መምህር አደረጓቸው። ሦስት መቶ ተማሪ ያስተምሩ እንደነበር ራሳቸው ጽፈዋል። ከዚህ ሁሉ ሥራ በተረፈች ጊዜ ያለ አስተማሪ የፈላስፎችን መጻሕፍት አነበቡ። ሁለት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ተረዱት፤ አንድ ዓመት ያህል ደግሞ እያብላሉት ቆዩ። ተቃዋሚን ከባለቤቱ እኩል ሳያውቁ መልስ መስጠት በጨለማ ድንጋይ መወርወር ነው የሚል አቋም ነበራቸው። በእኔ አስተያየት የኢማሙ ትልቁ ጥንካሬ ይህ ነው። ዛሬ ግማሽ ገጽ አንብቦ ሙሉ ኹጥባ ረድ ለሚያወጣው ወንድማችን ቢነገረው አይጠላም።

በ488 ረጀብ ወር (1095 እ.ኤ.አ.) ነገሩ ተገለበጠ። ኢማሙ የሚያስተምሩት ለአላህ ሳይሆን ለዝናና ለክብር መሆኑ ታያቸው። ዛሬ እሄዳለሁ ይላሉ፣ ማታ ሐሳባቸው ይፈርሳል። አንዱን እግር ያስቀድማሉ፣ ሌላውን ይመልሳሉ። ይህ ስድስት ወር ያህል ቆየ። በመጨረሻ ምላሳቸው ተያዘ፤ ተማሪ ፊት ተቀምጠው አንዲት ቃል ማውጣት አቃታቸው። ምግብ አልወርድ አላቸው። ሐኪሞችም ሕመሙ የልብ ነው ብለው ተስፋ ቆረጡ። ያን ጊዜ ወደ አላህ ተጠጉ፤ ገንዘብና ክብርን መተውም ቀለላቸው። ሐጅ እሄዳለሁ ብለው፣ በልባቸው ግን ሻምን አስበው፣ ለልጆቻቸው የሚበቃ አስቀርተው ሌላውን በትነው ወጡ። በወንበሩ ወንድማቸውን አሕመድን ተኩ።

የባግዳድ ሰው ብዙ አለ። አንዳንድ ተመራማሪዎች እስከ ዛሬ ፖለቲካ ነው ይላሉ፤ ኒዛም አል-ሙልክ በ485 (1092 እ.ኤ.አ.) ተገድለው፣ የሰልጁቅ ቤት በሥልጣን ሽኩቻ ይታመስ ነበርና። ፍርሃት ጨርሶ አልነበረም ብሎ መሟገት አይቻልም። ነፍሱን ብቻ ለማትረፍ የሸሸ ሰው ግን ሌላ ቤተ መንግሥት ይፈልጋል እንጂ ደማስቆ ገብቶ በኡመያ መስጊድ ሚናራ ላይ በር ዘግቶ አይውልም። በቁድስም ቆዩ፤ በ489 በነቢዩ ኢብራሂም (ዐ.ሰ) መቃብር አጠገብ ወደ ሱልጣን ደጅ ላለመሄድ፣ የሱልጣን ገንዘብ ላለመቀበልና ከማንም ጋር ሙግት ላለመግጠም ለአላህ ቃል ገቡ። ኢሕያእ ዑሉም አድ-ዲን የእነዚህ ዓመታት ፍሬ ነው።

ኢሕያእ ያለ ነቀፌታ አልቀረም። ደካማ ሐዲሦች ገብተውበታል፤ ሓፊዝ አል-ዒራቂ ኋላ አንድ በአንድ ለይተዋቸዋል። ይህን መናገር ኢማሙን መዳፈር አይደለም። እኛ አገርም ውለታቸው ሩቅ አይደለም፤ በወሎና በሐረር የሚቀራው የኢማም ነወዊ ሚንሃጅ ሐረጉ ቢመዘዝ የእርሳቸውን አል-ወጂዝ ያገኛል።

በ499 (1106 እ.ኤ.አ.) የኒዛም አል-ሙልክ ልጅ ፈኽር አል-ሙልክ ኒሻፑር መጥተው እንዲያስተምሩ አስገደዷቸው። ቃል ኪዳናቸውስ? ይህ ጥያቄ አስጨንቋቸዋል። ራሳቸው በኪታባቸው ሲመልሱ፣ ድሮ ክብር የሚያስገኘውን ዒልም እንዳስተማሩ፣ አሁን ክብርን የሚያስተወውን እንደሚያስተምሩ፣ ይሁንና ከግባቸው ይድረሱ ወይም ይቅሩ እንደማያውቁ ጽፈዋል። ያን ሁሉ ዓመት ተጉዘው እንኳ ድኛለሁ አላሉም።

ብዙም ሳይቆዩ ጡስ ተመለሱ። በቤታቸው አጠገብ ለደረሶች መድረሳ፣ ለሱፊዎች ማረፊያ አቆሙ። በመጨረሻ ዘመናቸው፣ ብዙም ያልሠሩበት የሐዲሥ ዘርፍ መሆኑን አይተው፣ እንደ ጀማሪ ደረሳ ቡኻሪንና ሙስሊምን ለመማር ተቀመጡ። በ505 ጁማደል-አኺር 14 (1111 እ.ኤ.አ.) እዚያው ሞቱ። የቀሯቸው ሴቶች ልጆች ብቻ ነበሩ። ለቤተሰባቸው የምትበቃ ጥሪት ስለነበረቻቸው፣ ሰዎች ገንዘብ ቢያቀርቡላቸው አይቀበሉም ነበር።