የምድር መንቀጥቀጥን ምስጢር በጄላቲን ያስረዱት ሊቅ፤ ሃሪ ፊልዲንግ ሬይድ

በ1898 ዓ.ም. በአራት ወር ልዩነት ሁለት ብርቱ የምድር መንቀጥቀጦች በሁለት አህጉር ደረሱ። ሚያዝያ 10 ቀን በአሜሪካ የሳን ፍራንሲስኮ ከተማ በመንቀጥቀጡና እሱን ተከትሎ በተነሣው እሳት ወደመች። ነሐሴ 19 ቀን ደግሞ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ በስምጥ ሸለቆው ሐይቆች አካባቢ የተነሣው መንቀጥቀጥ ገና 20 ዓመት ያልሞላትን ዋና ከተማችንን አናወጣት። የሁለተኛውን ጠባይ እንድናውቅ ያስቻለን የመጀመሪያውን የመረመሩት ሰው ሥራ ስለ ሆነ፥ ዛሬ የእኚህን ሊቅ ሕይወት ለአንባቢዎቻችን እናቀርባለን።

ሃሪ ፊልዲንግ ሬይድ እ.ኤ.አ. በ1859 በባልቲሞር ከተማ ተወለዱ። በዚያው ባለው በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተምረው በ1885 የዶክትሬት ማዕርግ አገኙ፤ ኋላም በዚሁ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዘመን አስተማሩ። በመጀመሪያ ያተኮሩት በመንቀጥቀጥ ላይ ሳይሆን በበረዶ ላይ ነበር። በ1890ና በ1892 ወደ አላስካ ተጉዘው በዓይን የማይታየውን የበረዶ ግግር ጉዞ በመሣሪያ ለኩ፤ ዛሬም በዚያ አገር በስማቸው የሚጠራ ግግር አለ። እንደሚመስለን በዝግታ የሚሄድን ነገር በትዕግሥት መለካት የለመዱት እዚያ ነው።

የሳን ፍራንሲስኮው አደጋ በደረሰ ጊዜ የካሊፎርኒያ መንግሥት መርማሪ ኮሚሽን አቋቋመ፤ ሬይድም አባል ሆኑ። ምድሪቱ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተሰንጥቃ፥ አጥርና መንገድ ለሁለት ተቆርጦ፥ በአንዳንድ ስፍራ አንዱ ወገን ከሌላው 6 ሜትር ያህል ወደ ጎን ተንሸራቶ ተገኘ። እስከዚያ ድረስ ብዙዎች መሰንጠቁን የመንቀጥቀጡ ውጤት አድርገው ያዩት ነበር፤ ነገሩን አስቀድመው የተጠራጠሩ ባይጠፉም። ሬይድ ግን የካርታ ቀያሾች ከ1851 ጀምሮ የመዘገቡትን ልኬት አወጡ። እነዚያ ቀያሾች ስለ መንቀጥቀጥ ያሰቡት ነገር አልነበረም፤ ሥራቸው ካርታ መሥራት ነበር። ቁጥሩ ሲነጻጸር ከስብራቱ ወዲያና ወዲህ ርቀው ያሉት ምልክቶች አደጋው ከመድረሱ በፊት በነበሩት 50 ዓመታት ውስጥ 3 ሜትር ያህል ተላልፈው ተገኙ።

ትርጓሜውም ይህ ነው። አርጩሜ ሲያጎብጡት ኃይል ያጠራቅማል፤ ሲሰበር ሁለቱ ስባሪዎች ተመልሰው ይቃናሉ፥ እጅንም ይነዝራሉ። አለትም እንዲሁ ለብዙ ዓመት እየጎበጠ ይቆይና በደካማው መስመር ላይ በድንገት ሲያመልጥ ምድርን ያንቀጠቅጣል። ሬይድ ይህን ለማሳየት በሁለት እንጨቶች መካከል የረጋ ጄላቲን አጣብቀው መካከሉን በቢላዋ ቆረጡት፤ ጫን ብለው እንዳይንሸራተት ከያዙት በኋላ አንዱን እንጨት ገፉት። ጄላቲኑ ጎበጠ፤ ጫናው ሲላላ በተቆረጠው ላይ ተንሸራቶ ተቃና። ሥራቸው በ1910 ታትሞ ወጣ።

ዛሬ በጄላቲኑ ፈንታ ኮምፒዩተር ገብቷል፤ ሐሳቡ ግን ያው ነው። ተመራማሪዎች የስብራቱን ገጽ በብዙ ትንንሽ ክፍል ይከፍሉታል። መንሸራተቱ ከአንድ ነጥብ ተነሥቶ በሴኮንድ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሮጥ እያንዳንዱ ክፍል የሚልከውን ሞገድ ደምረው፥ በመንገዱ ያለውን አለትና አፈር ጨምረው፥ በአንድ ሰፈር መሬት እንዴት እንደሚወዛወዝ ያሰላሉ። ልል አፈር ውዝዋዜውን ያበዛዋል።

ለምሳሌ ካዛንቺስን እንውሰድ። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ጣሊያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ካሠሯቸው ዝቅተኛ ቤቶች ሲሆን ዛሬ ረጃጅም ፎቆች ቆመውበታል። ባለ 10 ፎቅ ሕንጻ አንድ ጊዜ ወዲያና ወዲህ ለመወዛወዝ 1 ሴኮንድ ያህል ይፈጅበታል፤ ዝቅተኛ ቤት ግን የዚህን አሥረኛ። ፈጣኑ ሞገድ በመንገድ ሲደክም ዝግተኛው ሩቅ ይደርሳል። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በፈንታሌ አካባቢ የተነሣው መንቀጥቀጥ በላይኛው ፎቅ ያለውን ሰው እያስደነገጠ፥ ከታች ጀበናዋን የጣደችው ቡና ሻጭ ላትሰማው የምትችለው በዚህ ምክንያት ነው። የ1898ቱ ዓይነት ቢመለስ የሚያገኘው የዛሬዋን ከተማ ነውና፥ አንድ ፎቅ ስንት ብረት ይግባበት የሚለው ጥያቄ የሚመለሰው ከዚህ ስሌት ነው።

ሬይድ በ1944 በተወለዱ በ85 ዓመታቸው ዐረፉ። አለቱን የሚያጎብጠው ምን እንደ ሆነ ግን ሳያውቁ ነው፤ የምድር ቅርፊት ተከፋፍሎ እንደሚጓዝ የተረጋገጠው በ1960ዎቹ ነበርና። የእኛ ስምጥ ሸለቆ በዓመት 5 ሚሊ ሜትር ያህል ይሰፋል። ከ1898 እስከ 2017 ዓ.ም. ያለውን 119 ዓመት በዚህ ብናባዛው 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ይመጣል። ከዚህ ውስጥ ከፊሉን ከሥር የሚወጣው ቅልጥ አለት ሞልቶታል፤ ከፊሉ በትንንሽ መንቀጥቀጥ ወጥቷል። የቀረው የት እንደ ተጠራቀመ ለማወቅ የሬይድ ቀያሾች በመነጽር የሠሩትን የዛሬዎቹ በሳተላይት ይለኩታል።