ጥላሁን ገሠሠ፦ ሺዎችን ያስደሰተ፣ በብዙ የተፈተነ ሰው

በድሬዳዋ የጥላሁን ገሠሠን ድምፅ የማያውቅ ቤት ያለ አይመስለንም። በሠርግም በሐዘንም ጊዜ እንሰማዋለን። ኑሮው ግን እንደ ዘፈኑ ያማረ አልነበረም።

ጥላሁን መስከረም 17 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወለደ፤ ያደገው ወሊሶ፣ በአያቱ ቤት ነው። ቤተሰቡ ትምህርቱን እንዲከታተል ቢፈልግም የእሱ ልብ ከዘፈን ጋር ነበር። ገና በልጅነቱ ወደ አዲስ አበባ ሄዶ ሀገር ፍቅር ቴአትር ተቀጠረ፤ ቀጥሎም ክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ገባ። ትራምፔትና ሳክስፎን የያዘው ያ ባንድ የውጭውን የጃዝ አጨዋወት ከአገራችን ቅኝት ጋር ያዋሃደ ነበር። ጥላሁን በአማርኛም በኦሮምኛም ዘፈነ፤ ሕዝቡም ወደደው።

ፈተናው ግን ቶሎ መጣ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛ መፈንቅለ መንግሥት ሲከሽፍ እሱም ታሰረ። ሲፈታ ወደ መድረክ ተመለሰ። በ1985 ዓ.ም. ደግሞ አንገቱ በስለት ተቆርጦ ከሞት አፋፍ ተረፈ፤ እንደገናም ዘፈነ። በመጨረሻም የስኳር ሕመም አንድ እግሩን አሳጣው። ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ በፋሲካ ዕለት፣ በ68 ዓመቱ አረፈ። አገር በብሔራዊ ክብር ቀበረው።

ሒሳብ የምንይዝ ሰዎች ስለሆንን አንድ ነገር ሳናነሣ አናልፍም። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 የወጣው በ1996 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ ጥላሁን ስልሳ ዓመት አልፎት ነበር። ካሴቱ በየመንደሩ ሲባዛ በኖረባቸው ዓመታት ጭብጨባው የእሱ፣ ገንዘቡ ግን በአብዛኛው የአባዢው ነበር። እኛስ? ስፌት ሰፍተን፣ በርበሬ አዘጋጅተን ለነጋዴ ስናስረክብ ስንቶቻችን በጽሑፍ እንዋዋላለን? በቃል የተሰጠ ዕቃ፣ ክርክር ሲነሣ ማስረጃ የለውም። ትንሽም ብትሆን ደረሰኝ እንያዝ።

ሌላው ጤናችን ነው። ከመካከላችን ከስኳር ሕመም ጋር የሚኖሩ እህቶች አሉ። የእግር ቁስል ትንሽ ነው ተብሎ አይናቅም፤ ማታ ማታ እግርን ማየት፣ ቁስል ሲገኝ ሳይውሉ ሳያድሩ ጤና ጣቢያ መሄድ እግር ያድናል። ለቀብር ዕድርተኛው ሁሉ ይመጣል። የታመመችን እህት ለምርመራ ይዞ መሄድ ግን ዛሬ፣ በሕይወት እያለች ነው።