ጆን ባርዲን

ጆን ባርዲን (እ.ኤ.አ. ሜይ 23 ቀን 1908 – ጃንዋሪ 30 ቀን 1991) አሜሪካዊ የፊዚክስ ሊቅና የኤሌክትሪክ ምህንድስና ፕሮፌሰር ነበር። የፊዚክስ ኖቤል ሽልማትን ሁለት ጊዜ፣ በ1956 እና በ1972፣ ያገኘ ብቸኛ ሰው ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ትምህርት

ባርዲን በዊስኮንሲን ግዛት በማዲሰን ከተማ ተወለደ። አባቱ የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ዲን ነበር። በዚያው ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሪክ ምህንድስና ተምሮ በ1928 የመጀመሪያ፣ በ1929 ደግሞ ሁለተኛ ዲግሪውን አገኘ። ከዚያም በፒትስበርግ ከተማ በነዳጅ ፍለጋ ምርምር ተቀጠረ። በ1933 ሥራውን ትቶ ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ገባና በዩጂን ዊግነር አማካሪነት በ1936 በሒሳባዊ ፊዚክስ ዶክትሬቱን ተቀበለ። ከ1938 እስከ 1941 በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ረዳት ፕሮፌሰር ሆኖ አስተማረ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለአሜሪካ ባሕር ኃይል ሠርቷል።

ትራንዚስተር

በ1945 ቤል ላቦራቶሪ ገባ። የቡድኑ መሪ ዊልያም ሾክሌይ በሴሚኮንዳክተር ውስጥ የሚያልፈውን ኮረንቲ ከውጭ በኤሌክትሪክ መስክ ለመቆጣጠር አስቦ ነበር፤ ሙከራው ግን አልተሳካም። ምክንያቱን ያብራራው ባርዲን ነው፦ በሴሚኮንዳክተሩ ገጽ ላይ ተይዘው የሚቀሩ ኤሌክትሮኖች መስኩ ወደ ውስጥ እንዳይዘልቅ ይከልሉታል። ከዚህ ተነሥተው እርሱና ዋልተር ብራተን በዲሴምበር 1947 ሁለት የወርቅ ንክኪዎችን በጀርመኒየም ላይ እጅግ አቀራርበው በማሳረፍ የመጀመሪያውን ትራንዚስተር ሠሩ። በ1956 ሦስቱም ሽልማቱን ተጋሩ።

በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ

ከግኝቱ በኋላ ሾክሌይ ቀጣዩን የትራንዚስተር ሥራ ለራሱ ስለያዘ ባርዲን የፈለገውን መመራመር አልቻለም። በ1951 በዓለም የታወቀውን ላቦራቶሪ ትቶ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሪክ ምህንድስናና የፊዚክስ ፕሮፌሰር ሆነ። በምህንድስናው ክፍል የሴሚኮንዳክተር ምርምር ጀመረ፤ በፊዚክሱ ክፍል ደግሞ ወደ ሱፐርኮንዳክቲቪቲ ፊቱን መለሰ።

በኢሊኖይ የመጀመሪያው የዶክትሬት ተማሪው ኒክ ሆሎንያክ በ1962 ቀይ ብርሃን የሚሰጥ ኤልኢዲ ሠራ። ባርዲን ራሱ በ1957 ከሊዮን ኩፐርና ከዶክትሬት ተማሪው ሮበርት ሽሪፈር ጋር አንዳንድ ቁሶች እጅግ ሲቀዘቅዙ ኤሌክትሪክን ያለ ምንም ተቃውሞ የሚያስተላልፉበትን ምክንያት አብራራ። ክስተቱ በ1911 ከታወቀ ወዲህ አጥጋቢ ማብራሪያ አልተገኘለትም ነበር። ባርዲን ቀድሞ መሸለሙ ለሁለቱ ወጣት ባልደረቦቹ እንቅፋት እንዳይሆን ይሠጋ ነበር፤ በ1972 ግን ሦስቱም ተሸለሙ።

በ1975 ጡረታ ከወጣ በኋላም ምርምሩን አላቋረጠም። በ82 ዓመቱ በቦስተን ከተማ አረፈ።

ቅርስ

ትራንዚስተር በናኖሜትር ወደሚለካ መጠን ባነሰ ቁጥር፣ ከውስጡ አንጻር የገጹ ድርሻ እየጨመረ ይሄዳል። ስለዚህ ባርዲን ያነሣው የገጽ ጥያቄ ለዛሬው ናኖኤሌክትሮኒክስም መሠረታዊ ነው።