እቴጌ ምንትዋብና የሐር መጋረጃው

በአዳማም ሆነ በሞጆ፣ በባቱም ሆነ በሻሸመኔ፣ የፋሲልን ግንብ ወይም የስምጥ ሸለቆን ሐይቅ በክር ለመሣል መርፌ የሚያነሣ ባልደረባችን፣ ሥራው ከእርሱ እንዳልተጀመረ ሊያውቅ ይገባል። በአገራችን ክርን ወደ ሥዕል የመለወጥ ጥበብ ከፍ ካለ ደረጃ የደረሰበት ዘመን ነበረ። ይህም የጎንደር ዘመን ነው። የዚያን ዘመን ጥበብ ያነሣ ሰው እቴጌ ምንትዋብን ሳያነሣ ሊያልፍ አይችልም። እኚህ ንግሥት በድንጋይ ያስገነቡ፣ በቀለም ያስሣሉ፣ በሐርም የተሣሉ ናቸው። ከሦስቱ የትኛው እንደ ቆየ፣ የትስ እንደ ቆየ መመልከት ለሙያችን ትምህርት ይሆናል።

እቴጌ ምንትዋብ የተወለዱት በ1690ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ግድም በቋራ ነው። የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ፣ የንግሥና ስማቸው ብርሃን ሞገሳ ሲሆን፣ ምንትዋብ የተባሉት ስለ መልካቸው ማማር ነው። እንደሚተረከው ዐፄ በካፋ ማንነታቸውን ሰውረው በቋራ ሲዘዋወሩ ታመው ከአንድ ቤት ገቡ፤ የቤቱ ልጅ አስታመመቻቸው፤ ከዳኑም በኋላ አገቧት። ትረካው እንዳለ ይሁንና፣ የቋራዋ ልጅ ወደ ጎንደር ገብታ ለግማሽ ምዕት ዓመት ያህል የአገሪቱን ዕድል ከሚወስኑት ሰዎች አንዷ መሆኗ የታወቀ ነው።

ዐፄ በካፋ በ1723 ዓ.ም. ሲያርፉ ልጃቸው ኢያሱ ገና ሕፃን ነበር። እናቲቱ ልጃቸውን አንግሠው፣ እርሳቸውም ዘውድ ጭነው፣ ሞግዚትና ተባባሪ ገዢ ሆኑ። ወንድማቸውን ወልደ ልዑልን ለራስነት ማዕረግ አበቁ፤ የቋራ ዘመዶቻቸውንም በየሹመቱ አስቀመጡ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተነሡትን ዐመፆች ተቋቁመው ካለፉ በኋላ፣ ልባቸው ወደ ግንባታና ወደ ኪነ ጥበብ አዘነበለ።

በጎንደር ግቢ በስማቸው የሚጠራውን ግንብ አሠሩ። ከከተማው በስተሰሜን ምዕራብ፣ በተራራው ወገብ ላይ፣ የደብረ ፀሐይ ቁስቋምን ቤተ ክርስቲያንና በአጠገቡ ቤተ መንግሥታቸውን አስገነቡ። የቁስቋም ስም የተወሰደው ቅድስት ድንግል ከልጇ ጋር በስደት ካረፈችበት የግብፅ ስፍራ ነው። በጣና ሐይቅ ውስጥ በደቅ ደሴት ላይም ናርጋ ሥላሴን አሠሩ። በዚያ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ፣ ልጇን ከታቀፈችው ከእመቤታችን ሥር ተደፍተው የሚታዩት ራሳቸው እቴጌዪቱ ናቸው። የቁስቋም ቤተ መንግሥት ግድግዳ ደግሞ ከቀይ ድንጋይ በተቀረጹ መስቀሎችና ምስሎች የተዋበ ስለ ነበረ፣ ግንቡን የሚያይ ሰው እንደ ጥልፍ የተዘረዘረ ሥዕል ያነብብበታል።

ከዚሁ ዘመን የተረፈው ታላቅ የክር ሥራ ዛሬ በለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም የሚገኘው የሐር መጋረጃ ነው። ቁመቱ ከ5 ሜትር ይበልጣል፤ ስፋቱም 2 ሜትር ያህል ነው። ሦስት ረጃጅም ሰቆች ጎን ለጎን ተሰፍተው አንድ መጋረጃ ሆነዋል። አገልግሎቱም በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከመቅደሱ ፊት መጋረድ ነበር። ካህናት፣ አጃቢዎችና የጦር መሣሪያ የያዙ ወታደሮች በላዩ ይታያሉ። ያጠኑት ሊቃውንት በመካከል ያሉት ነገሥታት ዐፄ በካፋ፣ እቴጌ ምንትዋብና ሕፃኑ ኢያሱ ሳይሆኑ እንዳልቀሩ ይገምታሉ። የዚሁ ዓይነት ሌላ መጋረጃ በካናዳ በቶሮንቶ ከተማ በሚገኘው ሙዚየም ውስጥ አለ።

ባለሙያውን የሚያስደንቀው አሠራሩ ነው። ሥዕሉ በተሸመነ ጨርቅ ላይ በመርፌ የተጠለፈ አይደለም፤ ጨርቁና ሥዕሉ አብረው የተወለዱ ናቸው። ሸማኔው አራት ማዕዘን የሆኑ ትንንሽ ገበታዎችን ይይዛል፤ በየገበታው አራት ማዕዘኖች ላይ አንዳንድ ቀዳዳ አለ፤ በየቀዳዳውም አንድ የሐር ድር ያልፋል። ገበታው ሩብ ዙር በዞረ ቁጥር ድሮቹ ቦታ ይለዋወጣሉ፤ በተከፈተውም አፍ ማጉ ይገባል። ከላይ የሚታየውን ቀለም የሚወስነው የገበታው አዟዟር ነው። በዚህ ዘዴ በሌላው ዓለም በብዛት የሚሠራው ቀጭን መቀነት ወይም ጥብጣብ ሲሆን፣ የጎንደር ዘመን ሸማኔዎች ግን ለአንዱ ሰቅ ብቻ ከ300 የሚበልጡ ገበታዎችን አሰልፈው የሰውን ፊት፣ የልብስን እጥፋትና የመስቀልን ቅርጽ አወጡበት። በገበታ ከተሸመኑት የዓለም ጨርቆች ሁሉ ትልቁ ይህ ነው ይባላል። ሐሩ በአገር ውስጥ የሚገኝ አልነበረም፤ ከባሕር ማዶ በንግድ የሚመጣ፣ ዋጋውም ውድ ነበር።

እንዲህ ያለው ውበት ያለ ዋጋ አልተገኘም። ዐፄ ኢያሱ ለግንባታና ለአደን እንጂ ለመንግሥት ሥራ አያስቡም ተብለው ይታሙ ነበር። በ1747 ዓ.ም. ሲሞቱም ለቀብራቸው ወግ የሚበቃ ገንዘብ ከግምጃ ቤት ታጥቶ እናታቸው እጅግ እንዳዘኑ ይነገራል። ከዚህ በኋላ የልጅ ልጃቸው ኢዮአስ ነገሠ። የኢዮአስ እናት ውቢት የኦሮሞ ባላባት ልጅ ስለ ነበሩ፣ በእርሳቸው ወገኖችና በእቴጌዪቱ የቋራ ዘመዶች መካከል የሥልጣን ፉክክር ተነሣ። ለማስታረቅ ከትግራይ የተጠሩት ራስ ሚካኤል ስሑል ሥልጣኑን ለራሳቸው ያዙ፤ በ1761 ዓ.ም. ኢዮአስን አስገደሉ። እቴጌ ምንትዋብ የልጅ ልጃቸውን ከልጃቸው አጠገብ ቀበሩ። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ጎንደር ሲደርስ ያገኛቸው በቁስቋም ነው፤ በዚያም በፈንጣጣ የተያዙ የቤተሰባቸውን ልጆች አከመ። እቴጌዪቱ በሰኔ ወር 1765 ዓ.ም. አረፉ።

ከዚያ በኋላ የሥራዎቻቸው ዕድል ተለያየ። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን ሲያቃጥሉ የአብያተ ክርስቲያናቱን ንብረት ወደ መቅደላ አጓጓዙ፤ መጋረጃውም በዚያ ጊዜ ወይም ከዚያ በፊት ከጎንደር ከተወሰዱት ቅርሶች አንዱ እንደ ሆነ ይታመናል። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ሲወድቅ የእንግሊዝ ጦር ያገኘውን ሁሉ በዝሆንና በበቅሎ ጭኖ ወረደ፤ በደላንታ ሜዳም ሐራጅ አወጣ። የብሪቲሽ ሙዚየም ወኪልም ከዘመቻው ጋር ነበረ። በ1880 ዓ.ም. ደግሞ ደርቡሾች ጎንደርን ወርረው ቁስቋምን አቃጠሉ። ቤተ ክርስቲያኑ በኋላ እንደገና ተሠራ፤ ቤተ መንግሥቱ ግን ፍርስራሽ ሆኖ ቀረ። የእናትየው፣ የልጃቸውና የልጅ ልጃቸው ዐፅም ዛሬም በዚያው በቁስቋም በመስተዋት ሣጥን ይታያል። ፋሲል ግቢና ቁስቋም በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል።

እንግዲህ ነገሩን ስንመዝነው፣ ለዘለዓለም ይቆማል የተባለው ግንብ ተቃጠለ፤ ብል ሊበላው፣ እሳት ሊበላው ይችል የነበረው ሐር ግን ሳይጠፋ ቆየ። ይሁን እንጂ የቆየው በባለቤቱ አገር አይደለም። ጎንደሬ የሆነ ሸማኔ የአያቶቹን እጅ ሥራ ለማየት ባሕር መሻገር ግድ ይሆንበታል። ይህ የቅርስ ማስመለስ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሙያ ጉዳይም ነው፤ በዓይን ያልታየ ሥራ በእጅ ሊወረስ አይችልምና።

ሁለተኛውም ቁም ነገር ከዚህ አያንስም። በመጋረጃው ላይ የንጉሡና የንግሥቲቱ መልክ አለ፤ ገበታውን ያዞሩት እጆች ስም ግን የለም። የእቴጌ ምንትዋብን ታሪክ ከልደታቸው እስከ ዐፅማቸው መዘርዘር እንችላለን፤ ከእነዚያ ባለሙያዎች አንዱን እንኳ በስም መጥራት አንችልም። ሕንጻንም ሆነ አገርን በክር የሚሥል የማኅበራችን አባል ሥራውን ሲጨርስ፣ በጨርቁ ጠርዝ ላይ ስሙንና ዓመተ ምሕረቱን ጥልፎ ቢተው፣ ድካሙ የጥቂት ደቂቃ ነው። ጨርቁ ወዴት እንደሚደርስ ማንም አያውቅም፤ ስሙ ግን አብሮት ይሄዳል።