የሒሳብ መምህሩ ራንጋናታንና የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት

በብዙ ትምህርት ቤቶች ውስጥ አንድ የመጻሕፍት ቁም ሣጥን ይገኛል። ቁልፉም ወይ በዲሬክተሩ ኪስ፥ ወይ በንብረት ያዡ እጅ ነው። መጻሕፍቱ ተቈጥረው በመዝገብ የተረከቡ ስለ ሆኑ አንዱ ቢጠፋ ዕዳው በባለ ቁልፉ ላይ ይወድቃል፤ ስለዚህ ሣጥኑን ዘግቶ የሚኖረው ጥንቁቅ ሠራተኛ ተብሎ ይመሰገናል፥ ከፍቶ የሚያስነብበው ግን የቈጠራ ቀን በደረሰ ቍጥር ይጨነቃል። ይህ ልማድ በህንድ አገርም ሥር ሰዶ የኖረ ነበር። ሥሩን ለመንቀል ዕድሜውን የፈጀው ሺያሊ ራማምሪታ ራንጋናታን ከመምህርነት የመጣ፥ መምህርነቱንም ለመተው ያልፈለገ ሰው ነበር።

በኢትዮጵያ በየጠቅላይ ግዛቱ ብዙ የህንድ መምህራን ስላስተማሩ የህንድ ስም ለትምህርት ቤት ሰው እንግዳ አይደለም፤ የራንጋናታን ስም ግን ከቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች ክበብ ውጭ ብዙም አልተሰማም። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ራንጋናታን በኦገስት ወር 1892 ዓ.ም. በደቡብ ህንድ፥ በታንጆር አውራጃ፥ በሺያሊ ተወለደ። አባቱ ጥቂት የሩዝ መሬት የነበረውና የራማያናን ታሪክ ለመንደሩ ሰዎች እያነበበ የሚተረጕም ሰው ነበር። ልጁ ስድስት ዓመት ሲሆነው አባቱ ሞተ። በልጅነቱ አንደበቱ ይይዘው፥ ሲናገርም ይንተባተብ ነበር፤ ይህንም በብዙ ትጋት አሸነፈው። በማድራስ ክርስቲያን ኮሌጅ ሒሳብ ተምሮ በ1916 የማስተርስ ማዕርጉን ተቀበለ፤ በዚያም ፕሮፌሰር ኤድዋርድ ሮስ የሚባል መምህሩ እጅግ ወደደው፥ እርሱም መምህሩን እስከ ዕድሜው ፍጻሜ አልረሳውም። ቀጥሎ በሳይዳፔት የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ የማስተማርን ሙያ ተምሮ፥ ከ1917 ጀምሮ በማንጋሎር፥ በኮይምባቶርና በመጨረሻም በማድራስ ከተማ በፕሬዚደንሲ ኮሌጅ ሒሳብ አስተማረ።

በ1923 የማድራስ ዩኒቨርሲቲ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ለመቅጠር ማስታወቂያ አወጣ። ወደ 900 የሚሆኑ ሰዎች ሲያመለክቱ ከነዚህ ሁሉ አንድ እንኳ የቤተ መጻሕፍትን ሙያ የተማረ አልነበረም። ራንጋናታንም ከአመልካቾቹ አንዱ ነበር፤ ነገር ግን ማመልከቻ ማስገባቱን እስኪረሳ ድረስ ነገሩን ቸል ብሎት ነበር። ለጥያቄ በተጠራ ጊዜ ስለ ቤተ መጻሕፍት ያነበበው ከጥቂት ቀናት በፊት በኢንሳይክሎፔዲያ ብሪታኒካ ያገኘውን አንድ ጽሑፍ ብቻ ነበር። ሆኖም ጥቂት የምርምር ጽሑፎች ስለ ነበሩት ተመረጠና በጃኑዌሪ 1924 ሥራውን ጀመረ።

ጥቂት ቀናት እንዳለፉ ግን ጸጸት ያዘው። በክፍል ውስጥ በተማሪዎች ተከብቦ ሲጠይቅና ሲጠየቅ የኖረ ሰው ሰው በማይመጣበት አዳራሽ፥ አቧራ በለበሱ መጻሕፍት መካከል ብቻውን ተቀመጠ። ብቸኝነቱን ሊታገሠው አልቻለም፤ ወደ ቀድሞ ቦታው እንዲመልሱት ሄዶ ለመነ። አለቆቹም መጀመሪያ ወደ ለንደን ሄዶ ሥራውን እንዲያጠና፥ ተመልሶም ካልወደደው የሒሳብ መምህርነቱን እንዲያገኝ ተስማሙለት። ይህ ውል ለህንድ ሕዝብ ያተረፈው ትርፍ በዚያን ጊዜ ለማንም አልታየም።

በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የክሮይደን ከተማ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ በነበረው በበርዊክ ሴየርስ እጅ ተማረ። ከክፍሉ ትምህርት ይልቅ ልቡን የነካው በየከተማው እየዞረ ያየው ነገር ነው፤ ከመቶ የሚበልጡ ቤተ መጻሕፍትን ጐበኘ። ሕፃናት የራሳቸው ክፍል ተሰጥቷቸው ሲያነብቡ፥ የፋብሪካ ሠራተኛ ከሥራ ሲወጣ መጽሐፍ ተውሶ ሲሄድ፥ የቤት እመቤት ከገበያ መልስ ጎራ ስትል ተመለከተ። ይህን ሁሉ የሚሸከመው ከ1850 ጀምሮ የወጣ ሕግና የየከተማው ግብር እንደ ሆነም ተረዳ። እዚህ ላይ ራንጋናታን የደረሰበት ሐሳብ ሊመዘን የሚገባው ነው። የማድራስ አዳራሽ ባዶ የሆነው ሕዝቡ ንባብ ስለሚጠላ አልነበረም፤ ወደ መጽሐፍ የሚያደርሰውን መንገድ የጠረገለት ስለሌለ ነበር። መንገድ መጥረግ ደግሞ የመምህር ሥራ ነው። በ1925 ወደ አገሩ ሲመለስ ስለ ሒሳብ መምህርነቱ ዳግመኛ አላነሣም።

በማድራስ አስቀድሞ አንባቢ የሚፈልገውን መጽሐፍ በወረቀት ጽፎ ከሰጠ በኋላ ተቀምጦ ይጠብቅ ነበር። ራንጋናታን ይህን ሽሮ አንባቢው ራሱ ወደ መደርደሪያው ገብቶ፥ ገልጦ አይቶ እንዲመርጥ ፈቀደ። የመክፈቻውንም ሰዓት አስረዘመ። እርሱ ራሱ ለሃያ ዓመት ያህል ዕረፍት ሳይወስድ፥ ሰንበትን ሳይለይ፥ በቀን እስከ 13 ሰዓት ይሠራ ነበር ይባላል። ትጋቱ የሚደነቅ ነው፤ ነገር ግን ከበታቹ የሚሠሩት ሰዎችና ቤተ ሰቡ የዚህን ትጋት ዋጋ አብረው እንደ ከፈሉ መዘንጋት አይገባም።

በ1928 የማድራስ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር ሲመሠረት እርሱ ዋና አንቀሳቃሹ ሆነ። በዚያው ዓመት በዲሴምበር ወር በቺዳምባራም ከተማ በትምህርት ሰዎች ጉባኤ ላይ አምስት ሕግጋቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ገለጠ፤ በ1931ም በመጽሐፍ አሳተማቸው። ሕግ መባላቸው ከሒሳብ ሰውነቱ የመጣ ነው፤ ጥቂት መሠረት ተይዞ ሌላው ሁሉ ከዚያ እንዲመነጭ ይወድ ነበርና። የመጀመሪያው መጻሕፍት የተሠሩት ሊሠራባቸው ነው የሚል ነው። ይህ ማንም የሚያውቀው ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን በአውሮፓ በመካከለኛው ዘመን መጻሕፍት ከመደርደሪያ ጋር በሰንሰለት ይታሰሩ እንደ ነበር ያስታወሰ፥ በትምህርት ቤቱም ቁም ሣጥን ላይ የተንጠለጠለውን ቁልፍ ያየ ሰው የዚህን ሕግ ክብደት ያውቀዋል። ሁለተኛው ለያንዳንዱ አንባቢ የሚስማማው መጽሐፍ ሊቀርብለት ይገባል ይላል። እያንዳንዱ ሲል ራንጋናታን ተማሪን ብቻ ማለቱ አልነበረም፤ ሴቶችን፥ ገበሬዎችን፥ ዕውራንን፥ በወህኒ ያሉትን ጭምር ቈጠረ። ሦስተኛው ነገሩን ገልብጦ ለያንዳንዱ መጽሐፍ አንባቢ መፈለግን ግዴታ ያደርጋል፤ ሳይገለጥ አሥር ዓመት የቆመ መጽሐፍ ቢኖር ጥፋቱ የመጽሐፉ ሳይሆን የኃላፊው ነው ማለት ነው። አራተኛው የአንባቢውን ጊዜ ስለ መቈጠብ ነው። በቀትር አንዲት ሰዓት ብቻ ያለችው መምህር ግማሿን መጽሐፉ የት እንዳለ በመጠየቅ ቢጨርሳት ቤተ መጻሕፍቱ ጊዜውን ሰርቆታል። አምስተኛውም ቤተ መጻሕፍት እንደ ሕያው አካል የሚያድግ መሆኑን ያስገነዝባል፤ ስለዚህ ሕንጻውም መደርደሪያውም መዝገቡም ሲታቀድ ለነገ ቦታ ሊተውለት ይገባል።

እነዚህ ሕግጋት በከተማ አዳራሽ ብቻ እንዳይቀሩ በኦክቶበር 1931 በማናርጉዲ በበሬ የሚጎተት ጋሪ መጽሐፍ ተጭኖ ወደ መንደሮች መጓዝ ጀመረ። ወደ አዳራሹ መምጣት ለማይችለው ገበሬ ሁለተኛው ሕግ በጋሪ ሄደለት ማለት ይቻላል። መኪና እስኪገዛ አልተጠበቀም፤ በአገሩ ያለው በሬ ነበር፥ በበሬ ተጀመረ።

መጻሕፍትን የመደልደያ ሥርዓቱ በ1933 ታተመ። ሐሳቡን ያገኘው በለንደን በሴልፍሪጅ መደብር ሜካኖ የሚባለውን የልጆች መጫወቻ ሲያይ ነው፤ ጥቂት ብረትና ብሎን እየተገጣጠሙ አንድ ጊዜ ድልድይ፥ አንድ ጊዜ ጋሪ ይሆኑ ነበር። ራንጋናታንም የዕውቀትን ክፍሎች በትንንሽ ቍራጭ ለይቶ፥ በግዕዝ ፊደል ጽሕፈት ቃልን ከቃል የሚለየውን ሁለት ነጥብ በሚመስለው ምልክት አጋጠማቸው። ሥርዓቱ በሊቃውንት ዘንድ በጣም የተከበረ ቢሆንም ለተራው ሠራተኛ ከባድ ነበር፤ በራሱ አገር እንኳ ብዙ ቤተ መጻሕፍት የአሜሪካዊውን የዲዊን ሥርዓት መርጠዋል።

ከሁሉ ይልቅ ረጅም ጊዜ የታገለለት ነገር ግን ሕጉ ነው። በበጎ ፈቃድ የተከፈተ የንባብ ክፍል አዋጪው ሲሞት ወይም ሲሰለች ይዘጋል። ስለዚህ ራንጋናታን በ1930 በቤናሬስ በተደረገው የመላው እስያ የትምህርት ጉባኤ ላይ የሕግ ረቂቅ አቀረበ። ሐሳቡም ለየአውራጃው የቤተ መጻሕፍት ባለሥልጣን እንዲቋቋም፥ ገንዘቡም በሕግ የተወሰነ እንዲሆን ነበር። ረቂቁ በ1930ዎቹ ዓመታት ለማድራስ ምክር ቤት ቀርቦ በግዴታ ወጪው ምክንያት ሳይጸድቅ ቀረ። ራንጋናታንም ረቂቁን እያሻሻለ፥ ሹማምንትን እየጐበኘ፥ አሥራ ስምንት ዓመት ጠበቀ።

በዚህ መካከል እርሱ ራሱ ከማድራስ ወጣ። ከዩኒቨርሲቲው አስተዳደር ጋር ባለመስማማቱ ሃያ ዓመት የደከመበትን ቦታ ለቅቆ፥ ሐዘንም አድሮበት፥ በ1945 ወደ ቤናሬስ የሂንዱ ዩኒቨርሲቲ ሄደ። በዚያም ወደ መቶ ሺሕ የሚሆኑ መጻሕፍትን በገዛ እጁ ደለደለ። በ1947 ወደ ዴልሂ ዩኒቨርሲቲ ተጠርቶ የቤተ መጻሕፍት ሙያ በማዕርግ ደረጃ እንዲሰጥ አደረገ።

ህንድ ነጻ በወጣች በዓመቱ፥ በ1948፥ የትምህርት ሚኒስትሩ አቪናሺሊንጋም ቼቲያር ረቂቁን ይዘው የማድራስ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሕግ ጸደቀ። ነጻዪቱ ህንድ ያወጣችው የመጀመሪያው የቤተ መጻሕፍት ሕግ ይህ ነው። በቤትና በርስት ግብር ላይ ጥቂት ተጨምሮ ለቤተ መጻሕፍት እንዲውል ተወሰነ። ይሁን እንጂ ራንጋናታን የተመኘው ሁሉ አልተፈጸመም፤ ለዚህ ብቻ የተሾመ ባለሙያ እንዲኖር ቢፈልግም ሥልጣኑ ለትምህርት መሥሪያ ቤቱ ዲሬክተር በተደራቢነት ተሰጠ። በተደራቢነት የሚሠራ ሥራ እንዴት እንደሚሆን ለትምህርት ቤት ባለሥልጣኖች ማስረዳት አያሻም። በ1950 ደግሞ ለመላው ህንድ የሠላሳ ዓመት የቤተ መጻሕፍት ዕቅድ አሳተመ።

በ1956 የቈጠበውን መቶ ሺሕ ሩፒ ለማድራስ ዩኒቨርሲቲ ሰጠ፤ ይኸውም በባለቤቱ በሳራዳ ስም የቤተ መጻሕፍት ሙያ ፕሮፌሰር መንበር እንዲቆምበት ነው። ተከፍቶ የወጣበትን ቤት ለዚህ ስጦታ መምረጡ ስለ ጠባዩ ብዙ ይናገራል። በ1962 በባንጋሎር የምርምርና የማሠልጠኛ ማዕከል አቋቁሞ እስከ እርጅናው አስተማረበት። የህንድ መንግሥት በ1957 የፓድማ ሽሪ ሽልማት፥ በ1965 ደግሞ የብሔራዊ የምርምር ፕሮፌሰርነት ማዕርግ ሰጠው።

ራንጋናታን በሴፕቴምበር 27 ቀን 1972 በባንጋሎር ሞተ። በዚያን ጊዜ የቤተ መጻሕፍት ሕግ የነበራቸው የህንድ ክፍላተ ሀገር አራት ብቻ ነበሩ፤ ማድራስ፥ አንድራ፥ ማይሶርና ማሃራሽትራ። ምዕራብ ቤንጋል በ1979፥ ኬራላ በ1989 ተከተሉ። እስከ ዛሬ ድረስ ሕጉን ያላወጡ አሉ።